ዛምብራኖ የሌለበት ዝርዝር

ሌይዲስ ሞሬይራ ኢንጂነር እስቴባን ቺሪቦጋን መጥላት የጀመረችው ሰውየው ከኪቶ በወረደ በሳምንቱ ነው። ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት ሙሉ ጥላቻዋን አንድ ቀን እንኳ አላሳረፈችውም፤ እውነት ለመናገር እሱም አላሳረፋትም። ደገኛ ነው። በፖርቶቪዬሆ ሙቀት፣ ውሻ እንኳ ጥላ ፍለጋ በሚንከራተትበት ቀትር፣ ኮቱን አያወልቅም። ሰው ሰላም ሲለው በአገጩ ነው የሚመልሰው። ቢሮው ውስጥ ከእሱ በቀር ሁሉም ቆለኛ ስለሆነ፣ ሰውየው አፉን ሲከፍት ሁላችንም ትናንት ከዛፍ የወረድን ያስመስለናል።

ቢሮው የዓይን ዘመቻ ቢሮ ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ ሐኪሞች ይመጡና ሐሙስና ዓርብ ስልሳ ሰው በነጻ ይሠራሉ፤ የዓይን ሞራ ይገፍፋሉ፤ ቅዳሜ ጠዋት ጓዛቸውን ሸክፈው ይሄዳሉ። ስልሳ ብቻ። የተመዝጋቢው ቁጥር ደግሞ በየዙሩ ይጨምራል። ማን ይግባ ማን ይቅር የሚለውን ሰው ቢወስነው ዘመድ አዝማድ ይገባበታል ተባለና ፕሮግራም ተጻፈ። ፕሮግራሙ የእያንዳንዱን በሽተኛ ካርድ አይቶ ለችግሩ ከአንድ እስከ አሥር ነጥብ ይሰጥና የባሰባቸውን ስልሳ ያወጣል። ሰኞ ጠዋት ዝርዝሩ በር ላይ ይለጠፋል። የጻፈው ቺሪቦጋ ነው፤ በሁለት ሳምንት ጻፍኩት እያለ ሲኮራበት ኖሯል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚለውን አልሰማም መሰለኝ።

ሌይዲስም ፕሮግራመር ናት፤ ያውም ጎበዝ። ግን ባለፈው የካቲት የሱን ኮድ ሳትጠይቀው ልታሻሽል ገብታ አንድ ነገር አበላሸችና ጠዋቱን ሙሉ በሽተኛ የሚመዘግቡት ስልክ ተቀባዮች ሥራ ፈተው ዋሉ። ቺሪቦጋ በሠራተኛው ሁሉ ፊት አስቁሟት «ዛፍ ላይ ያደገ እጅ ኮድ ላይ ሲያርፍ እንዲህ ነው የሚሆነው» አላት። አንዳንዱ ሳቀ። «ከዛሬ ጀምሮ ማንበብ ትችያለሽ፣ መንካት ግን አይፈቀድልሽም» ብሎ ኮድ የማስገባት ፈቃዷን ዘጋባት። ሌይዲስ ያን ቀን አላለቀሰችም፤ ብታለቅስ ይሻላት ነበር። ዋጥ አድርጋ ያዘችው።

እንግዲህ የዚህ ታሪክ ዋናው ሰው ዶን ኤሌውቴሪዮ ዛምብራኖ ናቸው፤ የሌይዲስ የክርስትና አባት። ፒሌ በምትባል መንደር ሃምሳ ዓመት የሣር ባርኔጣ ሲሠሩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ያ ከክር የቀጠነ ሣር፣ አንዱ ባርኔጣ አራት አምስት ወር የሚፈጅበት ሥራ። ሌይዲስ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ኮምፒውተር የገዙላት እሳቸው ናቸው፣ አንድ ባርኔጣ ሸጠው። የቀኝ ዓይናቸው ከጠፋ ሦስት ዓመት ሆኖታል። የግራውንም ሞራ እየሸፈነው ነው፤ በዚያ ላይ ስኳር አለባቸው። በሚያዝያ ያያቸው ሐኪም ካርዳቸው ላይ «ሞራው በስሏል፤ በሚቀጥለው ዘመቻ ካልተሠራ ይህም ዓይን አይድንም» ብሎ ጽፏል። በግል ሐኪም ቤት ማሠራት ለእነሱ ቤት የሚታሰብ አይደለም። ሌይዲስ ራሷ መዘገበቻቸው፣ የሐኪሙንም ጽሑፍ ራሷ አስገባች። «አባባ፣ በዚህ ዙር ዓይንዎ ካልተከፈተ ሌይዲስ አይበሉኝ» ብላቸው ነበር።

ሰኞ ጠዋት ዝርዝሩ ሲለጠፍ በአንድ እጇ የሙዝ ጥብሷን ይዛ በሩ ላይ ቆመች። ዛምብራኖ ኤሌውቴሪዮን ፈለገች። የሉም። ዓይኔ ነው ብላ ከታች ወደ ላይ ደግማ አነበበች። የሉም። ሦስተኛ ጊዜ ስታነብ ግን የሳቸውን ስም መፈለግ ትታ ነበር፤ ሌላ ነገር ነው ዓይኗን የያዘው። ዝርዝሩ ላይ አንድም ዛምብራኖ የለም። ቬሌስ የለም። ቬራ የለም። የመጨረሻው ስም ቱምባኮ ነው፤ ከዚያ በታች ነጭ ወረቀት ብቻ።

እዚህ በእኛ አውራጃ በማናቢ፣ ገበያ መሃል ድንጋይ ብትወረውር ወይ ዛምብራኖ ትመታለህ ወይ የዛምብራኖ አማች። ዛምብራኖ የሌለበት እድር የለም፣ ዛምብራኖ የሌለበት ሰርግ የለም፣ ዛምብራኖ የሌለበት ጠብም የለም። ከስልሳ ሰው አራት አምስት ዛምብራኖ ካልወጣ ዝርዝሩ የማናቢ አይደለም፣ የሌላ አገር ነው። የኛ ሰው አንዴ ቀና ብሎ ቢያየው ይበቃዋል። ቺሪቦጋ ግን ፈርሞበት ነው የለጠፈው። ለሱ ዛምብራኖ ከስም መሃል አንድ ስም ነው።

ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ኮዱን ከፈተች። ማንበብ አልተከለከለችም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የበሽተኞቹ ካርድ ያለው ቢሮው ውስጥ አይደለም፤ ክላውድ በሚሉት፣ ከመሃላችን ማንም አይቶት በማያውቅ ሩቅ መጋዘን ውስጥ ነው። ፕሮግራሙ ራሱ ተነስቶ እዚያ አይሄድም፤ አዳፕተር የሚባል ተላላኪ አለው። ተላላኪው መስመር ይከፍታል፣ ዝርዝሩን ስጡኝ ይላል፣ የተሰጠውን ተሸክሞ ይመጣና ባዶውን ሠንጠረዥ ሞልቶ፣ መስመሩን ዘግቶ አርፎ ይቀመጣል። ታማኝ ነው፤ ያልታዘዘውን ግን አይሠራም። መጋዘኑ ደግሞ በአንድ ጉዞ ከሺህ ካርድ በላይ አያሸክምም። ሺህ ሲሞላ «ሌላም አለ፣ ተመለስ» የሚል ምልክት ይሰጠዋል። ምልክቱን አይቶ እንዲመለስ ማዘዝ ያለበት ኮዱ ነው። የቺሪቦጋ ኮድ አላዘዘውም። እስካለፈው ዙር ተመዝጋቢው ዘጠኝ መቶ ስለነበረ አንድ ጉዞ ይበቃው ነበር፤ በዚህ ዙር ከሺህ አለፈ። ካርዶቹ የሚመጡት በአባት ስም ፊደል ተራ ነው፣ ከኤ እስከ ዜድ። ስለዚህ ፕሮግራሙ ከኤ እስከ ቲ ያሉትን አይቶ የባሰባቸውን መረጠ፤ ከቲ በኋላ ያለ ሰው መኖሩንም አላወቀም። ቀይ ጽሑፍ የለም፣ ደወል የለም። ሁሉም ነገር በሰላም ተጠናቀቀ ነው የሚለው።

የሌይዲስ ልብ ዘለለ። በደስታ ነው የዘለለው፤ አልዋሽም። ስለ ዶን ኤሌውቴሪዮ ያሰበችው ከዚያ ቀጥላ ነው።

ተነስታ ወደ ቺሪቦጋ ጠረጴዛ ሄደች። ይሄንንም ልመስክርላት፣ ሄዳለች።

«ኢንጂነር፣ አንድ ነገር ላሳይዎት ነበር።»

ዓይኑን ከስክሪኑ አላነሳም። «ኮድ ነክተሻል?»

«እንዴት ብዬ እነካለሁ? ዘግተውብኝ የለም እንዴ።»

«እንግዲያው ምን ልታሳዪኝ ነው? ጥያቄ ያለው በጽሑፍ ያቀርባል ብያለሁ። እዚህ የዓሣ ገበያ አይደለም፣ እየመጡ ጆሮ ላይ መጮህ የለም።»

«ስለ ዝርዝሩ ነው።»

አሁን ቀና አለ። ፈገግታው ነው የከፋው። «አሃ። ዘመድ ቀርቶብሽ ነው! ጠዋት በሩ ላይ ቆመሽ ስትፈልጊ አይቼሻለሁ። የቆላ ሰው ዝርዝር ሲወጣ መጀመሪያ የሚፈልገው አጎቱን ነው። ለዚህ እኮ ነው ፕሮግራም የጻፍንላችሁ፣ እጃችሁን እንድትሰበስቡ።»

ይሄ ንግግር የከነከናት ግማሹ እውነት ስለሆነ ነው። የክርስትና አባቷን ስትፈልግ ነበር። አሁን «አዳፕተርዎ ከሺህ አያልፍም» ብትለው፣ ሰውየው በሩን ዘግቶ አራት መስመር ይጨምርና በሃያ ደቂቃ ያስተካክለዋል፤ ከሰዓት በኋላ «የተሻሻለ ዝርዝር» ብሎ ይለጥፋል፤ ማንም ምንም አያውቅም። እሷ ዘመዷን ፍለጋ የመጣች ቆለኛ ሆና ትቀራለች።

«በጽሑፍ ነው ያሉት?» አለችው።

«በጽሑፍ።»

«እሺ ጌታዬ። በጽሑፍ ይደርስዎታል።»

ወደ ወንበሯ ስትመለስ ዕቅዷን ጨርሳ ነበር። ረቡዕ በአራት ሰዓት ሳምንታዊ ስብሰባ አለ። ዳይሬክተሯ ዶክተር ፋቲማ ኢንትሪያጎ አለች፣ ዋና ነርሷ ሲስተር ሜርሲ ሴቫዮስ አለች፣ የካቲት ላይ የሳቁት ሁሉ አሉ። እዚያ ይደርሰዋል ጽሑፉ። ዘመቻው ሐሙስ ነው የሚጀምረው፤ ረቡዕ በአራት ሰዓት ኮዱ ቢስተካከል በአምስት ሰዓት አዲስ ዝርዝር ይወጣል፣ ሐሙስ አባባ የቀዶ ጥገናው ጠረጴዛ ላይ ይወጣሉ። ምን ይጎድላል? ምንም አይጎድልም ብላ ራሷን አሳመነች። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይላሉ አባቶች። እሷ ግን ቂሟንም ጽድቋንም በአንድ ዘንቢል የያዘች መሰላት።

ማክሰኞን ሙሉ ሠራች፤ ሌላውን ሥራ ሁሉ ወዲያ ብላ። በራሷ ኮምፒውተር ላይ የራሷን አዳፕተር ጻፈች፤ ካርዶቹን ማንበብ ማንም አልከለከላትም። ተላላኪው ሄደ፣ ሺህ ይዞ መጣ፣ «ሌላ አለ?» ብላ አስጠየቀችው፣ አለ ተባለ፣ ተመልሶ ሄደ፣ ሦስት መቶ አሥር ይዞ መጣ። ሌላ አለ? የለም። ሺህ ሦስት መቶ አሥር። ከቀሩት መካከል ዘጠና አራቱ ዛምብራኖ ናቸው። ነጥብ አሰጠቻቸው። ከሺህ ሦስት መቶ አሥሩ ሰው አንደኛ የወጣው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ዛምብራኖ ኤሌውቴሪዮ፣ ዘጠኝ ነጥብ ስምንት። ዘመድ ሳይገባበት፣ አማላጅ ሳያስፈልግ፣ በንጹሕ ቁጥር።

ያኔ ጨርቋን ጥላ ወደ ዳይሬክተሯ ቢሮ መሮጥ ነበረባት። እሷ ግን የጠረጴዛ ሰሌዳ የሚያክል ባለ ቀለም ሥዕል ልትሠራ ተቀመጠች፤ ከኤ እስከ ቲ አረንጓዴ፣ ከዚያ ወዲያ ቀይ። ቀዩን ሁለት ጊዜ ቀየረችው፣ በቂ አልቀላ ብሏት። እኩለ ቀን ላይ ከመስኮቱ በታች ሲስተር ሜርሲ የበረዶ ሳጥኖች መኪና ላይ እያስጫነች ሹፌሩን ስትቆጣ ሰማች። መኪናው ወደ ማንታ ሄደ። ሌይዲስ መስኮቱን ዘጋችው፤ ጫጫታው ሐሳቧን በተነባት።

ከሰዓት በኋላ ፒሌ ደወለች። ስልኩን ያነሱት ዶን ኤሌውቴሪዮ ራሳቸው ናቸው።

«አባባ፣ ሐሙስ ይዘጋጁ። ይጠሩዎታል።»

«ዝርዝሩ ላይ የሉም ብላኝ ነበር እኮ፣ ጎረቤታችን አይታ።»

«የተሳሳተ ዝርዝር ነው። እኔ አለሁ፣ አያስቡ።»

«እኔስ ምን አስባለሁ፣ አንቺ ካለሽ» አሉ ሽማግሌው። ከዚያ ወደ ጓዳ ጮኸው ለሚስታቸው ለዶኛ ፔቲታ ሲነግሩ ተሰማት። አንድ ባርኔጣ ጀምረው ያቆሙት አለ፤ ዓይናቸው ሲከፈት መጀመሪያ እሱን እንደሚጨርሱት ነገሯት። ገና ላልመጣው ባሏ ነው አሉ። ሁለቱም ሳቁ።

ረቡዕ በአራት ሰዓት ስብሰባው ተጀመረ። ማራገቢያው ይንቋቋል፣ ሰው ሁሉ ላቡን ይጠርጋል፣ ቺሪቦጋ ኮቱን እንደለበሰ ነው። ዶክተር ፋቲማ «ሌላ የቀረ ነገር አለ?» ስትል ሌይዲስ ተነሳች። ዝርዝሩን በቺሪቦጋ ፊት አስቀመጠችለት።

«ኢንጂነር፣ እባክዎ ከዚህ ላይ አንድ ዛምብራኖ ይፈልጉልኝ።»

«ምንድን ነው ይሄ?»

«አንድ ብቻ። ብዙ አልጠየቅሁም።»

ሰውየው አነበበ። ጣቱን እያስኬደ አነበበ። መጨረሻው ላይ ደርሶ ቀና ሲል አሁንም አልገባውም። «እና? ዛምብራኖ የሚባል አልወጣም። የስም ኮታ አለ እንዴ እዚህ አገር?»

ያኔ ክፍሉ በአንድ ጊዜ ፈነዳ። በሳቅ ነው የፈነዳው። የሒሳብ ክፍሏ ሴትዮ «እኔ ዛምብራኖ፣ ባሌ ዛምብራኖ፣ ያማቴ ድመት እንኳ ዛምብራኖ ነው» አለች። «ማናቢ ውስጥ ዛምብራኖ ጠፋ? ባሕሩ ደረቀ በሉኛ!» አለ ሌላው። ዶክተር ፋቲማ ግን አልሳቀችም። ዝርዝሩን ነጥቃ አየችው፤ ፊቷ ተለወጠ።

ሌይዲስ ሥዕሏን ግድግዳው ላይ ሰቀለች። አረንጓዴው፣ ቀዩ። አዳፕተሩን፣ ሺሁን፣ የተመለስ ምልክቱን አስረዳች፤ ሕፃን እንኳ በሚገባው ቋንቋ፣ ሆን ብላ በሚገባው ቋንቋ። «የጎደለው አራት መስመር ኮድ ነው» አለች። «አንድ ሰው ዝርዝሩን ከመፈረሙ በፊት ማንበብ ቢችል ኖሮ ይታየው ነበር። ዛፍ ላይ ያደገ ሰው እንኳ ያየዋል።» ከዚያ ወደ እሱ ዞረች፤ እርስዎ ማለቷንም እዚያው ላይ ተወችው። «አንተ ነህ ሦስት መቶ አሥር ሰው ከመጽሐፉ የፋቅኸው። በጽሑፍ አምጪ ብለኸኝ ነበር፤ ይኸው በጽሑፍ።»

ቺሪቦጋ ገረጣ። ኮቱን አወለቀ። ሁለት ዓመት ሙሉ ያላወለቀውን ኮት አወለቀና ወንበሩ ላይ አንጠለጠለው። «ልክ ናት» አለ። «ጥፋቱ የእኔ ነው። አሁኑኑ አስተካክለዋለሁ።» ኮምፒውተሩን እዚያው ከፈተ። አሥራ አምስት ደቂቃ እንኳ አልፈጀበትም። ሌይዲስ በዚያ አሥራ አምስት ደቂቃ ውስጥ በሕይወቷ እንደዚያ ደስ ብሏት አያውቅም። የካቲት ላይ የሳቁትን አንድ በአንድ ዓይን ዓይናቸውን አየቻቸው።

አዲሱ ዝርዝር ወጣ። አንደኛው ዛምብራኖ ኤሌውቴሪዮ ነው። ዶክተር ፋቲማ ወረቀቱን ለሲስተር ሜርሲ አቀበለቻት፤ «ዛሬውኑ ደውዪላቸው» አለቻት።

ሲስተር ሜርሲ ወረቀቱን አልተቀበለችም።

«ለማን ነው የምደውለው?» አለች። ትልቅ ሴት ናት፣ ስትናገር አትቸኩልም። «የደም ምርመራ የሌለውን ሰው ሐኪሞቹ አይነኩም። ደሙ የሚመረመረው ማንታ ነው፤ መኪናው የሚሄደው ማክሰኞ እኩለ ቀን፣ አንዴ ብቻ። የስልሳውን ደም ከየጤና ጣቢያው ሰብስቤ ትናንት ላክሁ። ዛሬ የሚሰጥ ደም ውጤቱ ለቅዳሜ ነው። ቅዳሜ ሐኪሞቹ መንገድ ላይ ናቸው።»



«አንድ ሰው ብቻ» አለች ሌይዲስ። «አንድ ሰው እንኳ አይቻልም? ስኳር አለባቸው፣ እኔ ራሴ ማንታ ደማቸውን ይዤ እሄዳለሁ…»

«ስኳር ያለበትን ነው ደሙ ሳይታይ የማስገባው?» ሲስተር ሜርሲ ወደ እሷ ዞረች። «ይሁን፣ ተመረመሩ እንበል። ስልሳው ቦታ ሞልቷል። ስልሳውም ቀጠሮ ተሰጥቷቸዋል፤ ገሚሱ ከገጠር ተነስቶ ዛሬ መንገድ ላይ ነው። ማንን ላስወጣልሽ? ዝርዝሩ ይኸው። ስም ጥሪልኝ።»

ሌይዲስ ዝርዝሩን ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

በዚህ መሃል ቺሪቦጋ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ሥዕል ቀርቦ ያይ ነበር። ከሥሩ፣ ጥግ ላይ፣ ማሽኑ በራሱ የሚያትመው ቀንና ሰዓት አለ። ጣቱን እዚያ ላይ አሳረፈ።

«ይሄ ማክሰኞ የታተመ ነው» አለ። «ከረፋዱ አምስት ሰዓት ተኩል። መኪናው የወጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሰኞ ወደ እኔ የመጣሽው ይሄንን ልትነግሪኝ ነበር?»

«አላስናገርከኝም።»

«አላስናገርኩሽም። ለእኔ ባትነግሪኝ ይሁን። ሲስተር ሜርሲ ግን እታች ግቢው ውስጥ ነበረች፤ የዳይሬክተሯም በር ክፍት ነበር።»

«አፍህን ዝጋ፣ አንተ…» አለችው።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አለች ሲስተር ሜርሲ፣ ለማንም ሳይሆን፣ ወረቀቶቿን እየሰበሰበች። ለማን እንደሆነ ግን ሁሉም ገባው። ዶክተር ፋቲማ «ሁለታችሁንም በኋላ አነጋግራለሁ» ብላ ወጣች። ሰው ከኋላዋ ተንጠባጥቦ ወጣ። ሌይዲስን የነካት የለም፣ ቺሪቦጋንም የነካው የለም፤ ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ። እሱ ኮቱን ከወንበሩ ላይ አነሳ። እሷ ሥዕሉን ከግድግዳው ላይ ቀደደችው።

በዚያው ከሰዓት በኋላ አውቶቡስ ይዛ ፒሌ ሄደች። በስልክ መንገር ይቻላት ነበር፤ አላደረገችውም፣ ይሄ አንዱ ደህና ሥራዋ ነው። መንገዱ ላይ ቃላቱን አዘጋጀች። ሁሉም እውነት ነው፤ አዳፕተሩ ከሺህ አያልፍም፣ የጻፈው ደገኛው ነው፣ ፈርሞ የለጠፈው ደገኛው ነው፣ ልታናግረው ስትሄድ የሰደባት ደገኛው ነው። እንዲህ ከተነገረ በመንደሩ ሁሉ የሚረገመው ቺሪቦጋ ነው፤ እሷ ደግሞ ነገሩን የደረሰችበት ልጅ ናት። አንድም ቃል ውሸት የለበትም።

ቤቱ ተጠርጎ ነበር። ዶኛ ፔቲታ የባሏን ነጭ ሸሚዝ ተኩሳ ወንበር ላይ ዘርግታዋለች። ጎረቤት መጥቶ መልካም ዕድል ብሎ ሄዷል። ዶን ኤሌውቴሪዮ ፊታቸውን ወደ በሩ፣ ወደ ብርሃኑ አድርገው ተቀምጠዋል፤ እርምጃዋን ሰምተው ነው ያወቋት።

«መጣሽ? በስንት ሰዓት ነው ነገ የምንደርሰው? ፔቲታ ከሌሊቱ ተነስተን እንሂድ እያለች ነው፣ እኔ ምን ያስቸኩላል እላለሁ።»

ሌይዲስ ሳትቀመጥ ነገረቻቸው። ነገ እንደማይሄዱ፣ ደም የሚወስደው መኪና ትናንት እንዳለፈ፣ ሐኪሞቹ ቅዳሜ እንደሚሄዱ። ዶኛ ፔቲታ አፏን በእጇ ያዘች። የሽማግሌው ያችው የቀረችው ዓይን በሩ ላይ እንደተተከለች ነው።

«እንግዲህ አልቋል በያ» አሉ።

«አልቋል አባባ።»

«ሐኪሙ ከዚህ ዙር ካለፈ አይድንም ብሎ ነበር።»

«ብሎ ነበር።»

«የማን ጥፋት ነው ይሄ? ሰው ነው ወይስ ማሽኑ ነው?»

ያዘጋጀችው ሁሉ አፏ ላይ መጣ፤ አዳፕተሩ፣ ሺሁ፣ ደገኛው። አፏን ከፍታ ጀመረችው እንኳ፤ «ኢንጂነሩ ፕሮግራሙን ሲጽፍ…» አለች። ከዚያ የተተኮሰውን ሸሚዝ አየችና ቀጥ አለች።

«ሰኞ ጠዋት አውቄው ነበር» አለች። «ሰኞ ብናገር ይደርስ ነበር። ያንን ደገኛ በሰው ሁሉ ፊት ላዋርደው ብዬ ነው እስከ ዛሬ የያዝኩት።»

ዶኛ ፔቲታ አንድ ነገር ልትል ስትል ሽማግሌው በእጃቸው ዝም አሰኟት።

«አዋረድሽው?» አሉ።

«አዎ።»

«በደንብ?»

«በደንብ።»

ዶን ኤሌውቴሪዮ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። እጃቸውን ዘርግተው ዳበስ ዳበስ አደረጉና ሸሚዙን ከወንበሩ ላይ አነሱት፤ በዝግታ አጣጥፈው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት።

«ፔቲታ» አሉ፣ «ልጅቱ ልትሄድ ነው። ሸኚያት።»